ለሙዚቃ ማጫወቻ ሚሞሪ ካርድና ኤርፎን አመራረጥ

ስልክ እያለ ሌላ የሙዚቃ ማጫወቻ ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ያደርጋል። መብራት በጠፋ ቀን የስልካችሁ ባትሪ ለስልክ ይተርፋል። ትረካ ወይም መዝሙር መሀል ላይ ሆናችሁ ስልክ ተደውሎ አያቋርጣችሁም። ዳታ አይበላም። ስልክ መነካካት ለማይወዱ እናትና አባት ደግሞ ሦስት አራት ቁልፍ ያላት ትንሽ ማጫወቻ ትልቅ እፎይታ ናት።

ማጫወቻዋ ከተገኘች በኋላ ሁለት ግዢ ይቀራል፤ ሚሞሪና ኤርፎን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ብሩን የሚያፈስበት ቦታ ይገለበጥበታል። ለሚሞሪው ትልቁንና ፈጣኑን ይመርጣል፣ ለኤርፎኑ ግን ታክሲ ሲጠብቅ ያገኘውን ያነሳል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሚሞሪው መካከለኛ ይሁን፤ ግን እውነተኛ ይሁን። የተረፈው ብር ወደ ኤርፎኑ ይሂድ።

መጀመሪያ፦ ማጫወቻው ምን ይቀበላል?

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ማጫወቻውን አገላብጣችሁ እዩት። የሚሞሪ ማስገቢያ አለው? ሁሉም የለውም። የያዛችሁት አይፖድ ከሆነ ስለ ሚሞሪ የሚያወራውን ሁሉ ዝለሉትና ወደ ኤርፎኑ እለፉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም አይፖድ የሚሞሪ ማስገቢያ ኖሮት አያውቅም። የሶኒ ዎክማኖች እንደ ሞዴላቸው ይለያያሉ። ሳንዲስክ ክሊፕ ፕላስ አለው። ከቻይና የሚመጡት ርካሽ ማጫወቻዎችም ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ ቀጭን ቀዳዳ አላቸው። እዚያ የምትገባው ማይክሮ ኤስዲ የምትባለው ትንሿ ካርድ ናት፤ 15 በ11 ሚሊ ሜትር።

ቀጥሎ ማጫወቻው እስከ ስንት ጊጋ እንደሚቀበል ፈልጉ። ካርቶኑ ወይም የመመሪያ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ ከጠፋ የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው።

ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው ካርዶች በመጠን ሦስት ወገን ናቸው። እስከ 2 ጊጋ ያለው ኤስዲ ብቻ ይባላል። ከ2 በላይ እስከ 32 ጊጋ ያለው ኤስዲኤችሲ ነው። ከ32 በላይ እስከ 2 ቴራ ያለው ደግሞ ኤስዲኤክስሲ ነው። ካርዱ ፊት ላይ በትንንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በጣም ያረጀ፣ 2 ጊጋ ብቻ የሚያውቅ ማጫወቻ 8 ጊጋ ብትከቱለት ጭራሽ አያነበውም። ካርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ማጫወቻው ስለማያውቀው ነው።

«እስከ 32 ጊጋ» የተባለ ማጫወቻ ላይ 64 ወይም 128 ጊጋ ቢገባስ? ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ግን አንድ ሥራ አለው። ትልልቆቹ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ኤክስፋት በሚባል አደረጃጀት ፎርማት ተደርገው ነው። የቆዩ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት32ን ነው። ስለዚህ ካርዱን ወደ ፋት32 ፎርማት ማድረግ አለባችሁ። የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ካርድ ወደ ፋት32 ለመቀየር ለብዙ ዓመታት እምቢ ሲል የኖረ ነው። ይህንኑ የሚሠሩ ትንንሽ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ከዚያ በፊት ግን የማጫወቻውን ሴቲንግ እዩ። «ፎርማት» የሚል ነገር ካለው ካርዱን ከትታችሁ እዚያው አድርጉት፤ ማጫወቻው ለራሱ በሚመቸው መንገድ ያዘጋጀዋል። ፎርማት ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ሳትረሱ።

ያም ሆኖ 32 ጊጋ ለተባለ ማጫወቻ 32 ጊጋ ግዙ ነው የምለው። ባለሱቁ እዚያው ከትታችሁ እንድትሞክሩ ካልፈቀደ በስተቀር ትልቁን በተስፋ መግዛት ምንም አያዋጣም።

ስንት ጊጋ ይበቃል?

ይህ በሒሳብ የሚመለስ ጥያቄ ነው። 128 ኪሎቢት የሆነ (በሴኮንድ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘፈኑ የበለጠ ተጨምቋል) ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። 320 ኪሎቢት ከሆነ በደቂቃ 2.4 ሜጋ ነው። ጥራቱ ሳይቀነስ የተጨመቀው ፍላክ ከሲዲ የተወሰደ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ5 እስከ 7 ሜጋ ይደርሳል። የ5 ደቂቃ ዘፈን እንውሰድ። 32 ጊጋ ካርድ ላይ በ128 ኪሎቢት ከ6,000 በላይ፣ በ320 ኪሎቢት 2,600 ያህል፣ በፍላክ 1,000 ገደማ ዘፈን ይገባል። 2,600 ዘፈን ማለት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 9 ቀን ማለት ነው። ማን ሊሰማው?

ፍላክ የምትሰበስቡ ከሆነና ማጫወቻውም የሚያጫውተው ከሆነ 64 ወይም 128 ትርጉም አለው። እጃችሁ ላይ ያለው ግን በየጊዜው ከሙዚቃ ቤት ያስጫናችሁት፣ ከካሴት የተገለበጠ፣ በ128 የተጨመቀ የድሮ ዘፈን ከሆነ ወደ ፍላክ ብትቀይሩትም አይሻሻልም። የጠፋው ጠፍቷል፤ የሚጨምረው የሚይዘው ቦታ ብቻ ነው።

ትልቅ ካርድ ሌላም ጣጣ አለው። ርካሽ ማጫወቻ ካርድ በተቀየረ ቁጥር ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ዝርዝር ይሠራል። ብዙ ሺህ ሲሆንበት ይንቀራፈፋል። የዘፈን ቁጥር ገደብ ያለባቸውም አሉ፤ ከገደቡ በላይ ያለው ካርዱ ላይ ቢኖርም ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ። 32 ጊጋ የተባለው ካርድ ኮምፒውተር ላይ 29.8 አካባቢ፣ 64 የተባለው 59.6 አካባቢ ቢያሳይ አልተሸወዳችሁም። አምራቹ ጊጋን በ1,000,000,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,073,741,824 ያካፍላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለ ፍጥነት በአጭሩ

ካርዱ ላይ የሚደረደሩት ምልክቶች አብዛኞቹ ሙዚቃን አይመለከቱም። በክብ ውስጥ 4 የተጻፈበት ካርድ በሴኮንድ ቢያንስ 4 ሜጋ ይጽፋል ማለት ነው፤ 10 የተጻፈበት ቢያንስ 10። ከባድ የሚባለው ባለ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ቅጂ ራሱ ምንም ሳይጨመቅ በሴኮንድ የሚፈልገው 1.2 ሜጋ እንኳን አይሞላም። የ320 ኪሎቢት ዘፈን ደግሞ በሴኮንድ 0.04 ሜጋ ነው። ስለዚህ ፈጣን ካርድ ድምፁን ያጠራዋል የሚላችሁ ሰው እየሸጠላችሁ ነው።

ቪ30፣ ቪ60 የሚሉት ለቪዲዮ ካሜራ ናቸው። ኤ1 እና ኤ2 ለስልክ አፕ ናቸው። ፍጥነት የሚጠቅማችሁ ዘፈን ስትጭኑ ብቻ ነው፤ በሴኮንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ካርድ 32 ጊጋውን ለመሙላት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። በክብ ውስጥ 10 የተጻፈበትን፣ ክላስ 10 የሚባለውን፣ ያዙና ሂዱ።

ዋናው ጉዳይ፦ ሐሰተኛ ሚሞሪ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና።

ሐሰተኛ ካርድ ውስጡ ያለው ትንሽ ነው፤ 4 ወይም 8 ጊጋ እንበል። ካርዱን የሚያስተዳድረው ቺፕ ግን «128 ጊጋ ነኝ» እንዲል ተደርጎ ተሰናድቷል። ኮምፒውተሩም ስልኩም የሚያምኑት እሱን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ 128 ታያላችሁ። ባለሱቁም «ይኸው፣ እይው» ብሎ ያሳያችኋል፤ እሱም ራሱ አምኖ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 8 ጊጋ ስትጭኑ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የምትጭኑት ወይ የትም አይጻፍም ወይ በፊት የጫናችሁትን እየደመሰሰ ይጻፍበታል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፣ ሲከፍቱት ግን አይጫወትም ወይም መሀል ላይ ይቆረጣል። አስቸጋሪነቱ ይህ ነው። ነገሩ የሚታወቀው ካርዱ ሲሞላ፣ ማለትም ከገዛችሁ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደረሰኙም የለም፣ ሻጩም አያስታውሳችሁም።

ዋጋው ራሱ ይናገራል። 1 ቴራ ሚሞሪ በ32 ጊጋ ዋጋ ከተጠራላችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ማሸጊያው ላይ ፊደል የተሳሳተ ከሆነ፣ የካርዱ ጽሑፍ ደብዝዞ ወይም ተንጋዶ ከታተመ ተዉት። ግን በውጫዊ ምልክት ብቻ አትተማመኑ፤ ማሸጊያ ማስመሰል ከባድ ሥራ አይደለም። መርካቶም ሆነ ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ ስትገቡ በግልጽ ጠይቁ፦ «ኦርጂናሉ ነው ኮፒው?» ብዙ ባለሱቅ ሁለቱንም ይይዛል፤ ሲጠየቅም የሁለቱን ዋጋ ለይቶ ይነግራችኋል። ሳትጠይቁ ግን የሚያነሳላችሁ ቅርቡ ያለውን ነው።

ከዚያ እንዲህ አድርጉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። «ቤት ሄጄ ሞክሬ መጠኑ ካልሞላ እመልሳለሁ» በሉ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ደረሰኙ ላይ የካርዱ ስምና ጊጋው ይጻፍ። ማሸጊያውን አትጣሉ።

ቤት ስትደርሱ ዘፈን ከመጫናችሁ በፊት ባዶውን ካርድ ፈትኑ። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 የሚባል አለ። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው። ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፋይል ይሞሉታል፣ ከዚያ መልሰው እያነበቡ የተጻፈው እንዳለ መኖሩን ያረጋግጣሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ትልቅ ካርድ ከሆነ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ማታ ከፍታችሁ መተኛት ነው። ጠዋት ስህተት የለም ካለ ካርዱ ደህና ነው። የፈተና ፋይሎቹን አጥፉና ሥራ ጀምሩ። በሁለት ሴኮንድ «ካርድዎ ትክክለኛ ነው» የሚሉ የስልክ አፖችን አትመኑ፤ ካርዱ ስለራሱ የሚለውን ነው መልሰው የሚነግሯችሁ።

ኮምፒውተር ከሌላችሁ በእጅ ይሠራል። ካርዱን ስልክ ውስጥ ክተቱና ቪዲዮ እየደጋገማችሁ ኮፒ አድርጉበት፣ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ መሀል ያለውን፣ የመጨረሻውን ክፈቱ። ሦስቱም እስከ መጨረሻቸው ከሄዱ በአብዛኛው ደህና ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ስልኩን አጥፍታችሁ ማብራት አትርሱ። አንዳንዴ ስልኩ የሚያሳያችሁ ካርዱ ላይ ያለውን ሳይሆን ራሱ በጊዜያዊነት የያዘውን ነው።

ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ፎርማት አያድነውም። ውስጡ የሌለ ነገር በፎርማት አይመጣም። መልሱት።

ዘፈኑ ሲጫን

ከቻላችሁ በማጫወቻው ገመድ ሳይሆን በካርድ ሪደር ጫኑ፤ ይፈጥናል። ኮምፒውተሩ «መጻፍ አይቻልም» ካለ ካርዷን የያዘውን አዳፕተር ጎን እዩ። ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት መቆለፊያ አለች፤ ወርዳ ሊሆን ይችላል። በዚህች ምክንያት ደህና ካርድ የተጣለበት ጊዜ አለ።

ትረካ ወይም ስብከት የምትሰሙ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ያስጨንቃችኋል። ፋይሎቹ «ክፍል 1፣ ክፍል 2... ክፍል 10» ከተባሉ ብዙ ማጫወቻ ክፍል 10ን ከክፍል 2 በፊት ያጫውተዋል። 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ ሰይሟቸው፤ ችግሩ ያልቃል። በጣም ርካሾቹ ማጫወቻዎች ደግሞ ስምንም አያዩም፤ ወደ ካርዱ በገቡበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውቱት። እንዲህ ያለ ከሆነ ፎልደሩን አጥፍታችሁ ፋይሎቹን በተራ እንደገና ኮፒ አድርጉ።

የአማርኛ ስሞች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ከሌለው የዘፋኙም የዘፈኑም ስም አራት ማዕዘን ሳጥኖች ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። መፍትሔው የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ስሙን ቀይራችሁም ሳጥኑ ካልጠፋ ማጫወቻው የሚያሳየው ፋይሉ ውስጥ የተቀበረውን የዘፋኝና የአልበም መረጃ ነው፤ እሱንም መቀየር አለባችሁ። ለዚህ ሥራ ኤምፒ3ታግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ፋይል ያስተካክላል።

ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ የምታስጭኑ ከሆነ ቫይረስ ይዛችሁ እንዳትመለሱ። ሁላችንም የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ፎልደሮቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ማጫወቻው ላይ ምንም አያደርግም፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ግን ይገባል። ሾርትከቱን አትጫኑት። ዊንዶውስ ላይ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ዘፈኖቹ እዚያው ናቸው፤ አውጧቸውና ካርዱን ፎርማት አድርጉት። አስተማማኙ መንገድ ለማስጫኛ የሚሆን ሌላ አሮጌ ካርድ ይዞ መሄድ ነው።

ካርዱን ማጫወቻው እየሠራ አትንቀሉት። ከኮምፒውተርም ስታወጡ አስቀድማችሁ ኢጀክት አድርጉ። የዘፈኑ ሌላ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ ይኑር፤ ማይክሮ ኤስዲ ከወለል ላይ ከወደቀች ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ኤርፎኑ

ቅርጹን በምትሰሙበት ቦታ ምረጡ። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ባለጎማው የውጭውን ድምፅ ይዘጋል። ለታክሲና ለአውቶቡስ የሚሆነው እሱ ነው፤ ረዳቱ ሲጮህ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ድምፁን ሳትጨምሩ ትሰማላችሁ። ጆሮ ጠርዝ ላይ የሚቀመጠው ጎማ አልባው ቤዙ ይሳሳል፣ ግን መኪና ሲመጣ ትሰማላችሁ። በእግር የምትሄዱ፣ መንገድ የምትሻገሩ ከሆነ ይሄኛው ይሻላል። ለቤትና ለቢሮ ሄድፎን ይመቻል። የኮስ ፖርታ ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሸጥ ቀላል ሄድፎን ነው፤ በትንሽ ማጫወቻ ጥሩ ይሠራል። ጎረቤት ግን አብሮ ይሰማል።

ባለጎማ ከመረጣችሁ ከድምፁ ግማሹን የሚወስነው ጎማው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት መጠን አለ። ሰው የተሰካበትን ይዞ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራሉ። ጎማው ቀዳዳውን ካልሞላ ቤዝ የሚባል ነገር አይኖርም። ስታስገቡ በሌላኛው እጃችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ክተቱት። ቤዙ ድንገት ከመጣ ገብቷል ማለት ነው። የቀኝና የግራ ጆሮ መጠን ሊለያይ ይችላል፤ በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሽ ማድረግ ነውር የለውም። «ይህ ኤርፎን ቤዝ የለውም» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ጎማ ቀይሩ።

ጃኩን እዩ። አብዛኛው ማጫወቻ የሚቀበለው 3.5 ሚሊ ሜትሩን ነው። 2.5 እና 4.4 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ውድ ለሆኑ ማጫወቻዎች የተሠሩ ናቸው። ጫፉ ዩኤስቢ ሲ የሆነ ኤርፎን ለስልክ ይሆናል፤ ተራ ማጫወቻ ላይ ግን ብትሰኩት እንኳን አይሠራም።

ጃኩ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ማይክ የለውም። ሦስት ከሆኑ ማይክ አለው። ባለማይኩ አብዛኛው ማጫወቻ ላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ጉድ ያመጣል። ሙዚቃው ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋል። ሰው ኤርፎኑ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። የማይኩን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት፤ ዘፋኙ ከተመለሰ ችግሩ የጃኩና የማጫወቻው አለመግባባት ነው። ጃኩ እስከ መጨረሻው ካልገባም እንዲሁ ይሆናል፤ መጀመሪያ ገፋ አድርጉት። ለማጫወቻ ብቻ ከሆነ ማይክ የሌለውን ግዙ።

ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ ይጠቅማችኋል። አንዱ ኦም ነው፤ ኤርፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ነው። ከ16 እስከ 32 ኦም ለትንሽ ማጫወቻ ይስማማል። እንደ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው 300 ኦም ሄድፎን ዕቃነቱ ግሩም ነው፤ የክሊፕ ማጫወቻ ላይ ብትሰኩት ግን ድምፁ ያንሳችኋል። ሁለተኛው ዲሲቤል ነው፤ 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀላሉ ይጮሃል። በጣም ከበዛ ደግሞ ርካሽ ማጫወቻ ላይ ዘፈን ሳይጀምር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማችኋል። «ኤክስትራ ቤዝ» እና «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ሁሉም ላይ ይጻፋል፤ ምንም አይነግራችሁም።

በሱቅ ውስጥ በራሳችሁ ዘፈን ፈትኑ

ባለሱቁ የሚያሰማችሁን ዘፈን አትቀበሉ። እሱ የመረጠው ቤዙ የሚደልቅ፣ ማንኛውም ኤርፎን ላይ የሚያምር ነው። የራሳችሁን ማጫወቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ በደንብ የምታውቋቸውን የእኛን መሣሪያዎች ስሙበት። ከነሱ የተሻለ ፈታኝ አላውቅም።

በገና ጀምሩ። 10 አውታሮቹ ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ አላቸው፤ ያ የሚያንዘረዝረው ድምፅ የሚመጣው አውታሩና ብርኩማው (አውታሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ) መካከል ከምትገባው ከትንሿ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። መጥፎ ኤርፎን ሁሉንም አንድ ላይ ደፍጥጦ ጉምጉምታ ያደርገዋል። ደህናው እያንዳንዱን ንዝረት ከሚቀጥለው ይለይላችኋል፣ የደርዳሪውም ድምፅ ከላይ ጥርት ብሎ ይቀመጣል።

ከዚያ ከበሮ ያለበት ስሙ። ምቱ መጥቶ መቆም አለበት። ከተንዘላዘለና ዘፋኙ ላይ ከተኛ ቤዙ በዝቷል። ማሲንቆ የላይኛውን ይፈትናል፤ ያቺ አንድ የፈረስ ጭራ ጆሯችሁን የምትወጋ ከሆነ ሌላ ሞክሩ፣ ረጅም ሰዓት አትችሉትም። ዋሽንት ላይ የነፊው ትንፋሽ ይሰማል? የዘፋኙን ቃል ደግሞ ልብ በሉ። ግጥሙ ካልተሰማ ሰምና ወርቁ ከየት ይገኛል?

የድሮ ካሴት ቅጂ የምትወዱ ከሆነ አንዱን ክፈቱ። በላይኛው ድምፅ የሚበረታ ኤርፎን የካሴቱን ሹክሹክታ ከዘፈኑ በላይ ያወጣዋል። «በጣም ጥርት ያለ» የተባለ ውድ ኤርፎን ለ1970ዎቹ ቅጂ የባሰ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ሁለት ኤርፎን ስታወዳድሩ ድምፃቸውን በጆሯችሁ እኩል አድርጉ። በትንሹም ቢሆን ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጮች ይህን ያውቃሉ። የቀኝና የግራው ድምፅ እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ዘፈኑ እየሄደ ገመዱን ከጃኩ አጠገብና ወደ ሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ላይ እጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ቆረጥ ቆረጥ ካለ አትግዙት፤ ኤርፎን የሚሞተው እዚያ ጋ ነው። ገመዱ የሚነቀልና የሚቀየር ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ።

ባለጎማውን ጆሮ ውስጥ ከትቶ መሞከር የማይፈቅዱ ሱቆች አሉ፤ አይፈረድባቸውም። የራሳችሁን ጎማ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ብሉቱዝስ? ማጫወቻው ብሉቱዝ ከሌለው ነገሩ አለቀ። ካለውም ሌላ ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ እየጨመራችሁ ነው፤ የትንንሾቹ ባትሪ ሲደክም ደግሞ የሚቀይርላችሁ ብዙ የለም። ኤልዳክ፣ አፕቲኤክስ የሚባሉት የጥራት ስሞች የሚሠሩት ማጫወቻውም ኤርፎኑም ሲኖራቸው ብቻ ነው። አንዱ ከሌለው ሁለቱም በሚያውቁት ተራው ይነጋገራሉ። በተመሳሳይ ዋጋ ባለገመዱ በድምፅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ማስላክ ያለባችሁ ኤርፎኑን ነው፤ ሚሞሪውን እዚህ ፈትናችሁ ትገዛላችሁ። «ኤርፎን አምጡልኝ» ብቻ ካላችሁ ግን የሚመጣው ብሉቱዝ ወይም ባለ ዩኤስቢ ሲ ነው፤ እዚያ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው እሱ ነውና። «ባለገመድ፣ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ» ብላችሁ ጻፉላቸው። የማጫወቻችሁን ቀዳዳ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

የድምፁ ልክ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል መስማት ችግር የለውም ይላል። ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ስትደርሱ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው የቀራችሁ፤ በቀን አንድ ሰዓት ታክሲ ውስጥ የሚሰማ ሰው ሐሙስ ላይ ይጨርሰዋል። ታክሲ ውስጥ ድምፅ የምንጨምረው ሞተሩን ለመብለጥ ነው፤ በደንብ የገጠመ ጎማ ይህን ያስቀራል። ለልጆች ልኩ 75 ዲሲቤል ነው። ብዙ ማጫወቻ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጣሪያ የሚባል አለው። ልጅ እጅ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ኤርፎኑን ራሳችሁ አድርጋችሁ ጣሪያውን ዝቅ አድርጉት፤ ልጁ ኤርፎኑን አድርጎ በተራ ድምፅ ስትጠሩት መስማት አለበት።